ሁለት ጊዜ የተበላ አገዳ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የሰንበቴን ገበያ ላውጋችሁ። ሰንበቴ እሑድ ነው የሚቆመው፤ የባቲ ገበያ ደግሞ በማግስቱ ሰኞ። አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ ይመጣል፣ አማራው ከደጋ ይወርዳል፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከየቀዬው ይሰበሰባል። እኔ ግን ከብት ተራው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ዘግይቷል። ገዥው ሁሉ የበሬ ከንፈር እየገለበጠ ጥርስ ያያል፣ ሻኛ ይጨብጣል። አንድ ሽማግሌ ብቻ በትራቸውን ተደግፈው ዝም ብለዋል። ሻጩ ጎረምሳ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባቴ፣ ጥርሱን አላዩትም እንዴ?»

«አይቻለሁ ልጄ። አሁን ሆዱን ነው የምጠብቀው።»

በሬው ጥላ ሥር ተኝቷል። ድንገት እንቁላል የምታህል ነገር በጉሮሮው ሽቅብ ስትሮጥ አየን። መንጋጋው ወደ ጎን ሄደ፤ ማመንዠክ ጀመረ። ሽማግሌው በከንፈራቸው ይቆጥራሉ። ሃምሳን ሲያልፉ በሬው ዋጠ፣ ትንሽ አረፍ አለና ሌላ ጉርሻ አወጣ። ይኼኔ አጎንብሰው ከጎድኑ ኋላ በግራ በኩል ያለውን ጎድጓዳ በጡጫቸው ተጫኑት፤ ከውስጥ ቀስ ብሎ መልሶ ገፋቸው።

«በል አሁን ዋጋህን ተናገር» አሉ።

ያልታመመ በሬ ያመነዥካል፤ የታመመ ይተወዋል። ነገሩ ይኸው ነው። በሬ ሲግጥ ጥድፊያ ነው፦ በላይኛው ድዱ የፊት ጥርስ ስለሌለው ሣሩን በምላሱ ጠቅልሎ፣ በታችኛው ጥርሱና በድዱ መሃል ይዞ ይገነጥላል፤ በወጉ ሳያላምጥ ይውጣል። ላሟም ያው ናት። ማላመጡ ለእረፍት ሰዓት ይቆያል፤ በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ትልልቆቹ የፈረንጅ ላሞች ለዚህ ሥራ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ያፈሳሉ።

ለአረፋ የታረደ ሰንጋ ሲበለት ያየ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። ፎጣ የመሰለው ጨጓራ ሲቀደድ ፈርሱ ይተናል፤ አጠገቡ የማር እንጀራ የመሰለችው ከረጢት አለች፣ የተዋጠ ሚስማር ሁሉ የሚቀረው እሷ ጋ ነው። ቀጥሎ ቅጠል በቅጠል የተደራረበው ሽንፍላ፤ ለአጣቢዎቹ አላህ ይርዳቸው። አሲድ ያለው፣ የእኛን ሆድ የሚመስለው አራተኛው ነው።

ታዲያ የሚበላውን ደረቅ የማሽላ አገዳ የሚፈጨው በሬው ራሱ አይደለም። በጨጓራው ውስጥ፣ በአንዲት ጠብታ ፈርስ እንኳ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። 39 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት አገዳውን እንደ ቡሆ ያብላሉታል። በሬው ጉልበት የሚያገኘው ከእነሱ ትራፊ ነው፤ ዋናው ትራፊ ደግሞ ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ኋላም ነፍሳቱን ራሳቸውን ይፈጫቸዋል። እንግዳ አብልቶ እንግዳውን የሚበላ ባለቤት! አገዳው ሲብላላ የሚፈጠረው ጋዝ በግሳት ይወጣል፤ ግሳቱ ከታፈነ ያ የግራ ጎን እንደ ከበሮ ይነፋል።

ዋጋው ተቆረጠ፤ ሽማግሌው በሬውን ይዘው ወጡ። እኔም መንገዴ ስለሆነ ተከተልኳቸው። ከመንገዱ ዳር ጉልበት ያልደረሰ፣ ዝናብ ያጣ ማሽላ ጠውልጎ ቆሟል። በሬው አንገቱን ሰገግ ሲያደርግ ሽማግሌው ዘለው መሃል ገቡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው!

የለጋ ማሽላ መርዝ በቅጠሉ ውስጥ ለሁለት ተከፋፍሎ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ1902 ደንስታንና ሄንሪ የተባሉ ኬሚስቶች አንደኛውን ነጥለው አወጡት፤ ማሽላ በዐረብኛ ዱራ ስለሚባል ዱሪን አሉት። ቅጠሉ ሲታኘክ ዱሪኑ ከሚፈታው ኢንዛይም ጋር ይገናኝና ሳያናይድ ይለቃል፤ የጨጓራው እንግዶችም ያግዛሉ። ድርቅ የመታው ለጋ ይብሳል። በሬ በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። አፍርቶ የደረቀው አገዳ ግን ይኼ ስጋት እምብዛም የለበትም።

«አምና የከመርኩት አገዳ ቤት አለልህ» አሉት፣ ገመዱን ጠበቅ አድርገው። በሬው ማሽላውን በዓይኑ እየተከተለ ጥቂት ሄደ። ከዚያ ያቺ እብጠት በጉሮሮው ብቅ አለች፤ የማለዳውን ያመነዥክ ጀመር።