ፌሮኤሌክትሪክ ክሪስታልና የሚረግበው ንዝረት፦ ሙቀት የአንድን ቁስ ጠባይ እንዴት ይለውጣል?

በዖሜር ቤቶች ደጃፍ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራው መብራት፣ ቀጭ ሲል ብልጭታ የሚሰጠው የጋዝ ማቀጣጠያ፣ በቤር ሸቫው ሶሮካ ሆስፒታል በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የሚንሸራተተው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ምን ያገናኛቸዋል? በውስጣቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የአንድ ወገን ቁስ ነው። ይህም ፌሮኤሌክትሪክ ይባላል። ልጆቻችሁ ፊዚክስ የሚማሩ ከሆነ ቃሉን አንድ ቀን ይዘውት ይመጡ ይሆናል።

“ፌሮ” የሚለው ከላቲን የመጣ ሲሆን ብረት ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ በእነዚህ ክሪስታሎች ውስጥ ብረት የለም። ስሙ የተሰጠው ጠባያቸው ማግኔት ከሆነ ብረት ጋር ስለሚመሳሰል ነው። በጎንደር ዙሪያ በወናፍ ብረት ሲያግሉ ለኖሩት ወገኖቻችን ነገሩ ሩቅ አይሆንባቸውም። ብረት ግሎ 770 ዲግሪ ሲያልፍ ማግኔት አይስበውም፤ ሲቀዘቅዝ ግን እንደገና ይስበዋል። ይህ ወሰን በፈረንሳዊው ሳይንቲስት በፒየር ኩሪ ስም የኩሪ ነጥብ ይባላል። ፌሮኤሌክትሪክም የራሱ የኩሪ ነጥብ አለው። ከዚያ በታች የክሪስታሉ አንዱ ጎን ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆናል፤ በኤሌክትሪክ ኃይልም ጎኖቹን ማገላበጥ ይቻላል። ከዚያ በላይ ይህ ጠባይ ይጠፋል።

ይህንን መጀመሪያ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆሴፍ ቫላሴክ ነው። የመረመረውም የሮሼል ጨውን ነበር፤ ቀድሞ ለሆድ ማጽጃ ይሸጥ የነበረ ተራ ጨው! ጨው ግን ሰነፍ ነው፤ የሚሠራው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ብቻ ነው። የዖሜር የሐምሌ ቀትር ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ መዝጋን በሌለው ክፍል ውስጥ ጠባዩን ያጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በአሜሪካ፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን የተገኘው ባሪየም ቲታኔት ግን እስከ 120 ዲግሪ ይጸናል። አሠራሩም የሸክላ ሥራ ዘመድ ነው፦ ዱቄቱ ተጠፍጥፎ በ1,300 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። የወለቃ ሸክላ ሠሪ እናቶች ቢያዩት እሳቱ ይገርማቸው ነበር እንጂ ሙያው እንግዳ አይሆንባቸውም።

ታዲያ በ120 ዲግሪ ላይ ምን ይሆናል? በክሪስታል ውስጥ ያሉ አቶሞች ዘወትር ይነዝራሉ። ንዝረታቸውም እንደ ክራር ክሮች ልዩ ልዩ ቅኝት አለው። ክር ሲከር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲረግብ ይወፍራል። ባሪየም ቲታኔት ከከፍተኛ ሙቀት እየበረደ ሲመጣ ከክሮቹ አንዱ ብቻ እየረገበ ይሄዳል። ይህም ፖዘቲቩ ቲታኒየም ወደ አንድ ወገን፣ ኔጋቲቮቹ ኦክስጅኖች ወደ ተቃራኒው የሚወዛወዙበት ንዝረት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ኃይሎች ይታገላሉ። አንደኛው የተጠጋጉ አቶሞች መገፋፋት ሲሆን ቲታኒየሙን ወደ መሐል ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ከሩቅ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ስበት ሲሆን ወደ ዳር ይጎትተዋል። የሙቀቱ ትርምስ መላሹን ያግዛል። ሙቀቱ ሲቀንስ መላሹ ይደክማል፣ ውዝዋዜው ይዘገያል፤ በመጨረሻ ቲታኒየሙ ወደ ዳር ሄዶ እዚያው ይቀራል። የሚርቀው አንድ ሚሊሜትር ለመቶ ሚሊዮን ቢከፈል ከሚገኘው ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ስፍር ቁጥር የሌላቸው አቶሞች አብረው ስለሚያዘነብሉ ክሪስታሉ በሙሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጎን ያወጣል።

ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ኮክራን በእንግሊዝ፣ ፊሊፕ አንደርሰን በአሜሪካ ለየብቻቸው አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ሮጀር ካውሊ ስትሮንቲየም ቲታኔት በተባለ ክሪስታል ላይ ኒውትሮን እየላከ ክሩ ሲረግብ ለካ። የሚገርመው ይህ ክሪስታል የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ በራሱ ወደ ፌሮኤሌክትሪክነት አለመለወጡ ነው፤ በብርዱ ውስጥ እንኳ የማይቆመው የአቶሞች የኳንተም እንቅስቃሴ ያግደዋል። በባሪየም ቲታኔትም ቢሆን ክሩ ፈጽሞ ረግቦ ሳያልቅ ለውጡ ድንገት ይመጣል። ምሳሌያችን ሁሉንም አያብራራም ማለት ነው።

ወደ አልትራሳውንዱ እንመለስ። የብዙዎቹ መሣሪያዎች ልብ እርሳስ፣ ዚርኮኒየምና ቲታኒየም ያሉበት ተመሳሳይ ሴራሚክ ነው። ሲሠራ በኃይለኛ ቮልቴጅ ውስጥ ገብቶ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ክፍሎች ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዞሩ ይደረጋል። ሆድ ላይ የሚያርፈው መሣሪያ በአብዛኛው እንደ መቀስና ምላጭ በሚያቃጥል እንፋሎት የማይመከነው፣ በኬሚካል የሚጸዳውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ሌላው ምክንያት ሙጫውና ሽቦው ሙቀት አለመቻላቸው ነው። ሴራሚኩ ከልክ በላይ ግሎ ቢበርድ ጠባዩ ይመለሳል፤ ክፍሎቹ ግን ፊታቸውን በየአቅጣጫው አዙረው ስለሚቀሩ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። እንደገና በቮልቴጅ ካልተሰለፉ በስተቀር የፅንሱን ምስል ማሳየት አይችልም።