የስትሮክስታውን ጭሰኞች ባሕር የተሻገሩበት ዜና

በዚያ ዘመን የአየርላንድ ድኻ ምግቡ ድንች ነበረ። እህሉንና ከብቱን ለመሬቱ ኪራይ ይሸጠዋል፤ ለራሱ የሚቀረው ከጓሮው የሚቆፍረው ድንች ብቻ ነው። በ1845 ዓ.ም. (ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ፈረንጆች ነው) በድንቹ ላይ ዋግ ወረደበት፤ ቅጠሉ ጠቈረ፣ ፍሬው በመሬት ውስጥ ሳለ ሸተተ። በ1846 ደግሞ ጨርሶ ጠፋ። ሕዝቡ እየተራበ እህል ወደ እንግሊዝ መጫኑ ግን አልቆመም።

በሮስኮመን አውራጃ፣ ስትሮክስታውን በሚባል አገር፣ ባለርስቱ ሻለቃ ዴኒስ ማሆን ነበረ። ጭሰኞቹ ኪራዩን መክፈል አቃታቸው። የማሆን ምስለኔም ተቀምጦ ሒሳብ አሰላ። እነዚህን ሰዎች በድኾች መጠለያ አንድ ዓመት ለመቀለብ የሚወጣው ገንዘብ፣ በመርከብ ወደ ካናዳ ለመስደድ ከሚወጣው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ጌታውም ርካሹን መረጠ። ይህን ደግነት ነው ያሉ አልጠፉም፤ ሒሳቡ ተጽፎ ስለተገኘ ግን እኛ እንዲህ አንልም።

በ1847 በግንቦት ወር 1,490 ሰዎች፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃኑ ሁሉ፣ ወደ ደብሊን የሚወስደውን የውሃ ቦይ ዳር ይዘው በእግራቸው ከተማዋ ገቡ። ከመንገድ እንዳይመለሱም የጌታው ሰው እስከ ወደቡ አብሯቸው ሄደ። ከዚያ ወደ ሊቨርፑል ተሻግረው በአራት መርከብ ተከፋፈሉ።

የመርከቡንም ነገር እንናገር። በዚያ ጊዜ ብዙው መርከብ ከካናዳ ግንድ ጭኖ ይመጣል፤ ሲመለስ ባዶውን እንዳይሄድ በሆዱ ውስጥ በሳንቃ ቆጥ ተመትቶ ሰው ይሞላበታል። በአንድ ቆጥ አራት ሰው ይተኛል። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ፣ በሳምንት ከሦስት ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ዱቄት ወይም ደረቅ ዳቦ ይፈቅዳል። ምድጃው ከላይ፣ ነፋስ በሚመታው ስፍራ ነው፤ ማዕበል ሲነሣ እሳቱ ይጠፋል፤ ሰዉም ሊጡን ጥሬውን ይውጠዋል። ከሁሉ የከፋው ተስቦ ነበረ። ሐኪሙም ቄሱም ከክፉ አየር የመጣ ነው ይሉ ነበር፤ በሽታውን የሚያዛምተውን ቅማል የጠረጠረ አልነበረም። የሞተው በሸራ ተጠቅልሎ ወደ ባሕር ይጣላል፤ ቅማሉ ግን አስቀድሞ ወደ ጎረቤቱ ተሻግሯል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከአራቱ መርከቦች ቨርጂኒየስ የሚባለው 476 ሰዎች ይዞ ተነሣ። ሁለት ወር ያህል በባሕር ቆይቶ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ካለችው ከግሮስ አይል ደሴት ሲደርስ 158ቱ ሞተው ነበር፤ የመርከቡ አዛዥም ከሟቾቹ አንዱ ነው። ሌሎች 106 ታመው ወረዱ። የደሴቲቱ ሐኪም ዶክተር ጆርጅ ዳግላስ ከቀሩት መካከል በእውነት ጤነኛ የሚባሉት ከስድስት ወይም ከስምንት አይበልጡም ብሎ ጻፈ። ይህች ደሴት በ1832 ለኮሌራ ማቆያ የተዘጋጀች ናት፤ በ1847 ግን አርባ ያህል መርከቦች በአንድ ጊዜ ተራ ይጠብቁባት ነበር። በዚሁ በ1847 ብቻ ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተቀበሩባት። ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የኩቤክ ገበሬዎች ወሰዱ፤ ብዙዎቹንም በአየርላንዳዊ አባታቸው ስም እንዲጠሩ ተዉአቸው።

ወሬው ባሕሩን ተሻግሮ ሮስኮመን ደረሰ። ማሆን ጭሰኞቹን በማይረባ መርከብ ሰደዳቸው ተባለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን ማሆን በሰረገላው ሆኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ በጥይት ተገደለ። የዚያን ሌሊት በኮረብቶቹ ላይ የደስታ እሳት ነደደ ይባላል። በ1848 ለዚሁ ግድያ በሮስኮመን ሁለት ሰዎች ተሰቀሉ።