ወደ ቦታዋ ያልተመለሰች ቁልፍ

እንግዲህ አድምጡኝ። ይህን ታሪክ የማወራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በአውሮፕላን የሚሄድም፣ ሸኝቶ የሚመለስም ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የሆነው ከቆጵሮስ ወደ ግሪክ በሚወስደው የበረራ መስመር ላይ ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 14 ቀን 2005። በማግስቱ በእነሱ አቆጣጠር የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነው።

የሄሊዮስ አየር መንገድ ንብረት የሆነች «ኦሊምፒያ» የምትባል ቦይንግ 737 ነበረች። ሌሊቱን ከለንደን ተነሥታ የቆጵሮሷ ከተማ ላርናካ ገብታለች። ይዘዋት የመጡት ሠራተኞች ታዲያ ዝም ብለው አልወረዱም። የኋላው የቀኝ በር ማሸጊያ በበረራ ላይ በረዶ እንደሚይዝ፣ ከበሩም ኃይለኛ የመንኳኳት ድምፅ እንደሚሰማ ጽፈው በሩ ይፈተሽ ብለው ነው የሄዱት።

ወዳጆቼ፣ በነሐሴ ሐሩር፣ በሜዲትራኒያን ሰማይ፣ በረዶ ከየት መጣ? ከ30 ሺህ ጫማ በላይ ሲወጣ በጋ የለም፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። አየሩም ሰው ሊተነፍሰው እስከማይችል ድረስ የሳሳ ነው። ስለዚህ ሞተሮቹ ጨምቀው ከሚያሞቁት አየር ላይ ተቀንሶ፣ ቀዝቅዞ፣ ወደ ካቢኑ ይገባል። ወደ ካቢኑ የገባው አየር በጅራቱ በኩል ባለ ቫልቭ በልክ እየተለቀቀ ይወጣል። ቫልቩ በልክ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ተሳፋሪው ሰማይ ላይ ሆኖ ቢበዛ የ8 ሺህ ጫማ ከፍታን አየር ይተነፍሳል፤ ይህም አዲስ አበባ ላይ ቆመን ከምንተነፍሰው እምብዛም የራቀ አይደለም። የበር ማሸጊያ ከላላ ግን እርጥበት ያዘለው የካቢን አየር ሾልኮ ሲወጣ እዚያው ሊረጋ ይችላል። እንግዲህ በበር ላይ በረዶ ታየ ማለት አየር እየወጣ ይሆን ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

የጥገናው ባለሙያም ይህንኑ ጠየቀ። በሩን አየ። ቀጥሎም አውሮፕላኗ መሬት ላይ እንደቆመች ካቢኑን በአየር ሞልቶ የሚሾልክ መኖሩን ፈተሸ። ለዚህ ፍተሻ በአብራሪዎቹ ክፍል፣ ኮክፒት ውስጥ፣ ያለችውን የካቢን ግፊት መቆጣጠሪያ ቁልፍ ከ«አውቶ» ወደ «ማኑዋል» ማዞር ያስፈልጋል። ዞረች። የሚሾልክ አየር አልተገኘም፤ አውሮፕላኗም ለበረራ ብቁ ናት ተባለ። ቁልፏ ግን ወደ «አውቶ» አልተመለሰችም። ቫልቩን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋው ሥርዓት ከሥራ ውጭ ሆነ፤ ቫልቩም በከፊል እንደተከፈተ ቀረ።

አብራሪዎቹ መጡ። ቁልፏን ሊያዩበት የሚገባ ጊዜ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ከመነሣታቸው በፊት በሚደረገው ዝግጅት፣ ሞተር ከማስነሣት በፊት በሚነበበው ዝርዝር፣ ከተነሡ በኋላም በሚነበበው። በሦስቱም አለፈቻቸው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ኦሊምፒያ 115 መንገደኞችንና 6 ሠራተኞችን ይዛ ተነሣች። በአቴንስ በኩል ወደ ፕራግ ልትሄድ ነው።

አምስት ደቂቃ ያህል እንደወጡ፣ 12 ሺህ ጫማ ላይ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። «አየር አነሳችሁ፣ መውጣት አቁሙ» ማለቱ ነበር። ጭንቁ ግን እዚህ ላይ ነው፦ በዚያ አውሮፕላን ላይ ያው ድምፅ ሌላም ትርጉም አለው። መሬት ላይ ሆናችሁ ለመነሣት ስትሉ ያልተስተካከለ ነገር ካለ የሚጮኸውም እሱ ነው። ያው አንዱ ጥሩንባ ለሠርግም ለለቅሶም ቢነፋ፣ የሰማ ሰው ምን ለብሶ ይውጣ? አብራሪዎቹ የመነሻው ማስጠንቀቂያ መሰላቸው። ያ ድምፅ አየር ላይ ሊጮኽ እንደማይገባው እያወቁ ግራ ተጋቡ፤ ሬዲዮ አንሥተው ድርጅታቸውን ጠየቁ። አውሮፕላኗ ግን መውጣቷን አላቋረጠችም።

ወዲያው የመሣሪያዎች ማቀዝቀዣ መብራት በራ። አየሩ ሲሳሳ መሣሪያውን የሚያቀዘቅዘውም ስለሚያንስ ነው፤ እነሱ ግን ሁለት የተለያየ ብልሽት አድርገው ያዙት። 18 ሺህ ጫማ ገደማ ላይ በካቢኑ ውስጥ የኦክስጅን ጭምብሎች ወረዱ። የካቢኑ አየር ያኔ ከራስ ደጀን ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዳለው አየር ሆኗል። የጭምብሉ ኦክስጅን የሚበቃው ለ12 ደቂቃ ያህል ነው፤ አብራሪው ቶሎ ዝቅ ይላል ተብሎ የተሰላ ነውና። ምድር ላይ ያለው ባለሙያ የግፊቱ ቁልፍ «አውቶ» ላይ መሆኑን በሬዲዮ ጠየቀ። ዋና አብራሪው የመለሰለት ግን የማቀዝቀዣው የኤሌክትሪክ መቆራረጫዎች የት እንዳሉ በመጠየቅ ነበር። የኦክስጅን እጥረት ክፋቱ ይኸው ነው፤ አያሳምምም፣ አያስጮህም። አስቀድሞ የሚወስደው አደጋውን የሚለየውን አእምሮ ራሱን ነው። 3 ሰዓት ከ20 ላይ፣ 29 ሺህ ጫማ ሲቃረቡ፣ ድምፃቸው ጠፋ።

አውቶፓይለቱ ግን የታዘዘውን አልተወም። 34 ሺህ ጫማ ወጣ፣ ባሕሩን አቋረጠ፣ ከአቴንስ አጠገብ ኬአ ደሴት ላይ ደርሶ ይዞር ጀመር። ለሬዲዮ መልስ ስለጠፋ የግሪክ አየር ኃይል ሁለት ኤፍ-16 ተዋጊ ጄቶች ላከ። 5 ሰዓት ከ24 ላይ ደረሱባት። የዋና አብራሪው ወንበር ባዶ ነው፤ ረዳቱ መሪው ላይ ተደፍቷል፤ በካቢኑ ውስጥ ጭምብል ያጠለቁ መንገደኞች አይነቃነቁም።

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ሰው ኮክፒት ገባ። የበረራ አስተናጋጅ ነው፤ የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ወጣት። ሌላው ሁሉ ራሱን ስቶ እሱ የቆየው በተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ጠርሙስ ታግዞ እንደሆነ ይታመናል። በዋና አብራሪው ወንበር ተቀመጠ። ወዲያው ነዳጅ አልቆ የግራው ሞተር ጠፋ። ልጁ በደከመ ድምፅ የድረሱልኝ ጥሪ አሰማ፤ ጥሪው ግን ለማንም አልደረሰም። የቀኙም ሞተር ተከተለ። 6 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ላይ ኦሊምፒያ ግራማቲኮ ከሚባል መንደር አጠገብ ኮረብታ ላይ ወደቀች። 121 ሰዎች፣ አንድም ሳይተርፍ።

የግሪክ መርማሪዎች በአክሪቮስ ጾላኪስ መሪነት ነገሩን ከሥሩ ቆፈሩት። እ.አ.አ. በ2006 ያወጡት ዘገባ አብራሪዎቹ ቁልፏን አለማየታቸውንና ማስጠንቀቂያውን አለመለየታቸውን በግልጽ አስቀመጠ። እዚያ ላይ ግን አልቆመም። የአየር መንገዱን የአሠራር ጉድለትና የተቆጣጣሪውን ቸልታ ጠቀሰ። ከዚያም በፊት በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ተመሳሳይ የግፊት ችግር ደርሶ ሳለ አምራቹ የወሰደው እርምጃ በቂ እንዳልነበረ ጨመረ። እ.አ.አ. በ2011 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለእነዚህ አውሮፕላኖች ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች የሚለዩ መብራቶች እንዲገጠሙ አስገደደ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ቁልፏ የዞረችው በስንፍና ሳይሆን ለጥንቃቄ ነው። በበር ላይ በረዶ ታየ፣ ተጻፈ፣ ተፈተሸ፤ ሁሉም ሥራውን ሠራ። የጎደለው የመጨረሻዋ እርምጃ ናት፤ የነካኸውን ወደ ቦታው መልሰህ፣ መመለስህን ለሚቀጥለው ሰው ማስታወቅ። ማስጠንቀቂያ የሚሠራም ሰው ለደከመና ለተደናገጠ ጆሮ እንደሚሠራ ይወቅ። እናንተም በሚቀጥለው ጉዟችሁ አስተናጋጇ «ጭምብሉን አስቀድማችሁ ለራሳችሁ አጥልቁ» ስትል ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ስሟት። ከፍ ባለ ሰማይ ላይ አየር በድንገት ካለቀ ራስን አውቆ የመቆያው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ልጁን የሚረዳውም አባት አስቀድሞ የሚተነፍሰው ነው።