የድምፅ መስጫ ወረቀት
የታተመ ወረቀት፤ 2008 እ.ኤ.አ.፤ አሜሪካ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2005 ባወጣው መመሪያ ባለሙያዎች በእስረኞች ምርመራ እንዲሳተፉ ፈቀደ። ከአርቃቂዎቹ 9 ድምፅ ሰጪዎች 6ቱ ከጦር ኃይሉ ወይም ከስለላ ተቋማት ጋር ትስስር ነበራቸው። ደራሲዋ ሜሪ ፓይፈር መመሪያውን በመቃወም በ2007 ማኅበሩ የሰጣቸውን የክብር ሽልማት መለሱ።

ሌሎች ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባሰቡ፤ ወረቀቱም በፖስታ ለአባላት ተላከ። ዓለም አቀፍ ሕግ በሚጣስባቸው እስር ቤቶች ባለሙያ፣ ለእስረኛው ጥቅም ካልሆነ በቀር፣ እንዳይሠራ 8,792 አባላት ሲደግፉ 6,157 ተቃወሙ።

ያን ጊዜ ኢትዮጵያ የተወለደው ቢንያም መሐመድ እንዲህ ካሉት እስር ቤቶች በአንዱ፣ በአሜሪካው ጓንታናሞ፣ ታስሮ ነበር፤ በ2009 ተለቀቀ።

ማኅበሩ በብሔራዊ ደኅንነት ምርመራ መሳተፍን በግልጽ የከለከለው ግን በ2015 ነው፤ ያውም ገለልተኛ ማጣራት ባለሥልጣናቱ ከመከላከያ ሚኒስቴር ጋር መመሳጠራቸውን ካጋለጠ በኋላ።