ወፍጮና ምጣድ በጣና ዳር

የጣናን ታሪክ ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣ ሁሉ በቅድሚያ የሚመለከተው ገዳማቱን ነው። ይህም አያስወቅሰውም። ከሐይቁ ደሴቶች በስፋት ቀዳሚ በሆነችው በደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ቆማለች፤ ሥዕሎቿ ዛሬም ተመልካችን ያስደምማሉ። የአሠሪዋ ስም ተጽፏል፤ ምስላቸውም ተሥሏል። ለግንበኛው እህል የፈጨችው ሴት ግን ስምም ምስልም የላትም። ከእርሷ የተረፈልን የዕቃዋ ዓይነት ብቻ ነው፤ ወፍጮ፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ወንፊት። እነዚህም እንደ ብራና ሊነበቡ ይችላሉ።

ዕድሜያቸው ከገዳማቱ ይልቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ላሊበላ በተባለ ዋሻ (ከዝነኛዋ ከተማ ጋር በስም እንጂ በቦታ አይገናኝም) በተደረገ ቁፋሮ የሸክላ ስብርባሪ፣ ገብስና ሽምብራ ተገኝተዋል። ዘመናቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ይጠጋል። እንግዲህ ሽምብራና ሸክላ በዚህ አገር በአንድ ጣሪያ ሥር መዋል ከጀመሩ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል ማለት ነው።

ወፍጮው ከማን እጅ ይመጣ ነበር? በሐይቁ ዳርቻ ከነበሩት ጠራቢዎች መካከል ወይጦ እየተባለ የሚጠራው ሕዝብ ይገኛል። ከደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ድንጋይ ጠርቦ ወፍጮ የሚሸጥ ሕዝብ ነው። የቀድሞ ቋንቋው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። ጎረቤቶቹ ግን የጉማሬ ሥጋ ይበላል በማለት ከማዕዳቸው አራቁት። ነገሩን ልብ ብሎ ላጤነው ያስገርማል፤ እርሱ በጠረበው ድንጋይ የተፈጨውን እንጀራ እየበሉ እርሱን ራሱን ግን ከገበታ ያገሉት ነበር። በጎንደር ዙሪያ ምጣዱንና ድስቱን ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶችም ዕጣቸው ከዚህ አልተለየም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ኖረ።

ዛሬ የምግብ ሊቃውንት ለጤና ይበጃል የሚሉትን እነዚሁ የተናቁ እጆች የሠሯቸው ዕቃዎች ሲያከናውኑት ኖረዋል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ገለባዋ ሳይለይ ከነመላ አካሏ ትፈጫለች። ሊጡ በቡሖቃ ውስጥ በእርሾ ሲቦካ፣ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት የመሰለ ማዕድን ሰውነት በቀላሉ እንዲቀበለው ይሆናል። ምጣዱም ዘይት አይጠይቅም፤ ጥቂት የተወቀጠ ጎመን ዘር በማሰሻ ጨርቅ ቢነካካ ይበቃዋል፤ የቀረውን አክንባሎው በእንፋሎት ይጨርሰዋል። በጾም ወቅት ከሐይቁ የወጣ ቀረሶ በሸክላ ድስት ቀስ ብሎ ሲበስል ለጣዕሙ ምስክር መጥራት አያሻም።

ነገር ግን ለማን ጤና? በዚህ ላይ የአድናቂዎቻችን ብዕር ብዙ ጊዜ ይዶለዱማል። ወፍጮ የምትፈጭ ሴት ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ወገቧና ትከሻዋ እስኪዝል ትገፋለች ትስባለች፤ ድንጋዩ ሲልግ ደግሞ ተወቅሮ እንደገና ይሻክራል፤ ሥራውም እንዲሁ ይቀጥላል። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደው ምጣድ ሙቀቱን ለነፋስ፣ ጭሱን ለጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ፣ በጀርባዋም ላዘለችው ሕፃን ይሰጣል። የበላተኛው ጤና የተገዛው በአብሳይዋ ጤና ነበር። በሥነ ጽሑፋችንና በመድረካችን እንጀራ ስንት ጊዜ ተወድሷል! ጭሱ ግን እንደ ጌጥ ካልሆነ በቀር መድረክ ላይ ሲወጣ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ከዚህ ሸክም ብዙውን ያነሣው የሞተር ወፍጮ ቤት ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ምርጥ የተባለው ምድጃ ተሠራጨ። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ መሰል ድንጋይ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብብ ክፍልፋይ ግድግዳ ሲሆን፣ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ማገዶ በታንኳ ተጭኖ ሐይቁን ሲያቋርጥ በኖረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በምርጥ ምድጃም ላይ ቢሆን የሚጣደው ያው የሸክላው ምጣድ ነው።