ፋፋ፦ የሕፃናት ምግብና የምጣኔው ትምህርት በኢትዮጵያ

በአማርኛ አንድ ሕፃን «ፋፋ» ሲባል ገላው ሞላ፣ ጉንጩ ወዛ፣ በጤና አደገ ማለት ነው፤ ይህ ከእናቶች አፍ የማይጠፋ ግሥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአንድ ዱቄት ስም ሆኖ በመመረጡ፣ የተመጣጠነ ምግብ የሚለው ሳይንሳዊ ሐሳብ ወደ ብዙ ቤቶች የገባው እናት ለልጇ ከምትመኘው ነገር ጋር ተያይዞ ነበር። ዱቄቱን ያዘጋጀው በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ሲሆን፣ ይኸው ክፍል በ1968 ኢትዮጵያ ኒውትሪሽን ኢንስቲትዩት ተባለ።

ለጥረቱ መነሻ የሆነው ልጅ ጡት በሚጥልበት ጊዜ የሚደርስበት ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ያገለግሉ የነበሩት ሐኪም ሲሲሊ ዊልያምስ ክዋሺኦርኮር የተሰኘውን የጋ ቋንቋ ቃል ለሕክምናው ዓለም አስተዋውቀው ነበር፤ ቃሉ ታናሽ ሲመጣበት ከጡት የሚለየውን ልጅ የሚይዘውን ሕመም የሚያመለክት ሲሆን፣ ሕመሙ የሚታወቀው በእግርና በፊት እብጠት፣ በፀጉር መሳሳትና በልጁ መነጫነጭ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎችም እናቱ ዳግም ያረገዘችበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ቀጭን አጥሚት ወይም ለአዋቂ የተዘጋጀ እንጀራ ስለነበር፣ ትንሿ ሆዱ ሰውነቱ የሚሻውን ሳታገኝ ትሞላ ነበር።

የፋፋ ቀመር ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነው። ፕሮቲን፣ ማለትም ሰውነትን የሚገነባው ንጥረ ነገር፣ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ ስንዴና በቆሎን የመሰሉ እህሎች ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በላይሲን የዳበረ ሆኖ ሜታዮኒን የተባለው ስለሚጎድለው፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሸፍናል። በዚህም ምክንያት የስንዴ ዱቄት ከሽምብራና ከአኩሪ አተር ዱቄት ጋር ተደባልቆ፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቪታሚንና ማዕድን ታከለበት። አሠራሩም ለማንኛዋም እናት እንግዳ አልነበረም፤ ዱቄቱ እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያም እሳት ላይ እየተማሰለ እስኪበስልና ወፈር እስኪል ድረስ ይቆያል።

ይኸው የማደባለቅ ጥበብ ግን በመሶቡ ላይ ቀድሞም ነበር። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ሲበላ እህልና ጥራጥሬ ይገናኛሉ፤ ሆኖም ከታላላቆቹ ጋር ከአንድ ገበታ የሚቀርበው ትንሽ ልጅ እጁ ቀርፋፋ በመሆኑ ከወጡ ይልቅ ደረቁን የእንጀራ ዳር ይዞ ሊነሣ ይችላል። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ በጾም ቀን ለእነርሱ ብቻ ወተትና እንቁላል ለይቶ የሚያዘጋጅ ቤት ጥቂት መሆኑ ለሕፃኑ ጉድለት ሌላው ምክንያት ነበር። ስለዚህ የጎደለው ምግቡ ብቻ አልነበረም፤ ከቤቱ ምግብ ለሕፃኑ የሚደርሰው ድርሻም ጭምር ነበር።

የፋፋ ታሪክ ወሰኑንም ያሳያል። ዱቄቱ በረሃብ ዘመናት ለተጎዱ ሕፃናት በእርዳታ ቢከፋፈልም፣ በገበያ ሲቀርብ በዋናነት የሚደርሰው ለከተማ ገዢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ማክላረን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት፣ ዓለም በፕሮቲን ላይ ብቻ አተኩሮ የምግቡን አጠቃላይ መጠን ችላ ማለቱን አጥብቀው ተቹ፤ ከዚያ ወዲህ የሥነ ምግብ ትምህርት ልጁ ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደሚበላም ማስላት ጀመረ።

ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ከጤና ምርምር ተቋም ጋር ቢዋሐድም፣ ትምህርቱ በሌላ መንገድ ቀጥሏል። ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ ይህ አከፋፈል ልጁ የፈተና መልስ አድርጎ ከሸመደደው ብዙ አይጠቅመውም፣ እንጀራው ኃይል ሰጪ፣ ሽሮው ገንቢ፣ ጎመኑ በሽታ ተከላካይ መሆኑን በገዛ ገበታው ላይ ካየው ግን ምርጫ ይሆነዋል። ልጅን አመጣጥኖ መብላት ማስተማር የሚጀምረውም ከወጡ የድርሻውን ጨልፎ ፊቱ በማስቀመጥ ነው፤ ያልደረሰውን ምግብ ማንም ሕፃን ሊመርጥ አይችልምና።