የማራቶንን መንገድ የለኩ በጎ ፈቃደኞች

የማራቶን ሯጭ ከውድድሩ ፍጻሜ ሲደርስ የተመልካቹ ዓይን የሚያርፈው በሰዓቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የሰዓቱ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ለቁጥሩ ክብር የሚሰጠው፣ ሯጩ የረገጠው መንገድ በእርግጥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑ ሲታወቅ ነው። ይህንን የማረጋገጥ ኃላፊነት በአማተር ስፖርት ዘመን የተሸከሙት፣ ደመወዝ የማይቆረጥላቸውና ስማቸው ከሯጮቹ ስም ጋር የማይነሣ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ርቀቱ ራሱ የጸናው ከብዙ መዋዠቅ በኋላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. በአቴና የተሮጠው ማራቶን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1908 በለንደን 42.195፣ በ1912 በስቶክሆልም 40.2፣ በ1920 በአንትወርፕ ደግሞ 42.75 ኪሎ ሜትር ሆነ። በ1921 ዓለም አቀፉ የአማተር አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የለንደኑን ርቀት መደበኛ አድርጎ ተቀበለው። ነገር ግን ርቀትን በወረቀት ላይ መወሰንና ያንኑ ርቀት በአስፋልት ላይ ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መንገድ በመኪና ቆጣሪ ሲለካ አንድ በመቶ ስሕተት ቢፈጠር ማራቶኑ 422 ሜትር ይጎድላል ወይም ይተርፋል፤ ይህም ለታላቅ ሯጭ ከአንድ ደቂቃ በላይ ማለት ነው።

መፍትሔውን ያቀረቡት ትልልቅ ድርጅቶች ሳይሆኑ ሩጫን የሚወዱ ግለሰቦች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የጎዳና ሯጮች ክበብ አባል የነበሩት ጆን ጁዌል የልዩ ልዩ የመለኪያ ዘዴዎችን ጥቅምና ጉድለት መርምረው በ1961 ጥናታቸውን አወጡ። ከሁሉም የተሻለ ሆኖ የተገኘውም የብስክሌት ጎማ ዙር በመቁጠር የሚደረገው ልኬት ነበር። ይህንኑ አሜሪካ ውስጥ ያስፋፉት ቴድ ኮርቢት ናቸው። ኮርቢት በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ማራቶን የሮጡ፣ መተዳደሪያቸው የፊዚዮቴራፒ ሙያ የሆነ ሰው ሲሆኑ፣ በ1964 ስለ ጎዳና ልኬት መመሪያ ጽፈው አሠራጩ። በ1971 ደግሞ አለን ጆንስ የተባሉ መሐንዲስ ከልጃቸው ከክሌይን ጋር፣ በብስክሌት የፊት ጎማ ላይ የሚገጠም አነስተኛ ቆጣሪ ሠሩ። ዛሬም የዓለም ጎዳናዎች የሚለኩት ከዚህ በመነጨ መሣሪያ ነው።

አሠራሩ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚያስደስት ቅንነት አለው። በመጀመሪያ ከ300 ሜትር የማያንስ ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካል። ብረት በሙቀት ስለሚለጠጥ፣ የ10 ዲግሪ ልዩነት በ300 ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ለውጥ ስለሚያመጣ ሒሳቡ ይታረማል። ከዚያም ለኪው በዚሁ መሥመር ላይ አራት ጊዜ እየጋለበ ቆጣሪው ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚቆጥር ያውቃል። የውድድሩን መንገድ ሲለካ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መሥመር ይከተላል። ሥራው ሲያበቃም የጎማው ነፋስ በሙቀት ተለውጦ እንደሆነ ለማወቅ ወደ መነሻው ተመልሶ አራት ጊዜ ይደግማል። በመጨረሻም መንገዱ እንዳይጎድል በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ብዙውን ጊዜ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው።

የልኬት ጉድለት የሚያስከትለው ሐዘን በ1981 በኒው ዮርክ ታየ። አልቤርቶ ሳላዛር በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት እንደሰበረ ተነገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንገዱ እንደገና ሲለካ ግን 148 ሜትር ያህል ጎድሎ ተገኘ፤ ክብሩም ቀረ። ሯጩ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ የጎደለው መንገዱ ነበር።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያንም በቅርብ ይነካታል። በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 በሮተርዳም ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ እስከ 1998 ድረስ የዓለም ምርጥ ሆኖ ቆይቷል። ያ መንገድ ጎድሎ ቢገኝ ኖሮ የአሥር ዓመት ክብር በአንድ ቀን በተሰረዘ ነበር። ከ2004 ወዲህ የማራቶን ሰዓት የዓለም ሪኮርድ ተብሎ የሚመዘገበው መንገዱ በታወቀ ለኪ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2007ና በ2008፣ ትዕግስት አሰፋም በ2023 በበርሊን ያስገኟቸው ድሎች የተመዘገቡት በዚሁ ደንብ መሠረት ነው።

በአገራችን የርስት ሙግት ታሪክ ቀላድ ጣይ ምን ያህል ይፈራና ይከበር እንደነበር ይታወቃል፤ ገመዱ ጥቂት ቢዛባ የአንዱ ድንበር ለሌላው ያልፍ ነበርና። የማራቶን መንገድ ለኪም እንዲሁ የሰው ድካም በእጁ ላይ ያለ ዳኛ ነው። ልዩነቱ ይህኛው ማንም ሳያዝዘው የተነሣ መሆኑ ነው። ውኃ የሚያቀብሉ፣ መንገድ የሚጠብቁና ሰዓት የሚይዙ በጎ ፈቃደኞች ቢያንስ ሯጩ ሲያልፍ ያዩታል። ለኪው ግን ሩጫው ሳይጀመር ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ሥራው ሲበጅ ማንም ልብ አይለውም፤ ስሙ የሚነሣው ሲሳሳት ብቻ ነው። መንገድ፣ ድልድይና ግድብ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ዕጣ አይስቱትም፤ ስለዚህም ምስጋናውን ከማንም ቀድመው ሊሰጡት የሚገባቸው እነርሱ ናቸው።